ፈረንሳይኛን ከሩጫ ሜዳ

ቅዳሜ ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ረፋዱ ላይ፥ የክረምት ዕረፍታችንን መልካሳ የምናሳልፍ አራት ተማሪዎች በአሰላው መንገድ ዳር ካለ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጠን የፓሪሱን ማራቶን በቴሌቪዥን እንመለከት ነበር። ታምራት ቶላ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ የኦሊምፒክን ክብረ ወሰን ሰብሮ ሲገባ ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እልልታው በረድ ሲል ከአማርኛው ዘገባ ሥር የፓሪሱ ለፋፊ ድምፅ ይሰማ ጀመር። አንዲት እናት ወደ እኛ ዘወር ብለው፥ «ልጆቼ፥ ስለ ልጃችን ምን እያለ ነው?» ሲሉ ጠየቁን፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መሆናችንን ያውቃሉና። አራታችንም ዝም አልን። የመለሱላቸው ብዙ ዘመን ከጅቡቲ ጭነት ያመላለሱ አንድ አዛውንት ሾፌር ናቸው። እኒህ ሰው ፈረንሳይኛን የለመዱት ወደብ ላይ እንጂ ክፍል ተቀምጠው አይደለም።

የዛሬውን ርእሰ አንቀጽ ያስጻፈን ይኸው ኀፍረት ነው።

ፈረንሳይኛ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ፥ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ፥ ያለፈው በዚሁ በአዳማ በኩል ነው። ለገሃር፥ ፉርጎ፥ ቴምብር፥ ሳንቲም የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው። ከጠላት ወረራ በፊት በዘመናዊ ትምህርት ቤቶቻችን ፈረንሳይኛ ከፍ ያለ ስፍራ ነበረው፤ ከ1941 እ.ኤ.አ. በኋላ ግን ስፍራውን ለእንግሊዝኛ ለቀቀ። አባቶቻችን ባቡር ጣቢያ ላይ ይሰሙት የነበረው ቋንቋ ለእኛ ከቃላቱ በቀር አልቀረልንም።

በስፖርቱ ዓለም ግን ፈረንሳይኛ ዛሬም ባለቤት ነው። ፒየር ደ ኩበርተን የዓለም አቀፉን የኦሊምፒክ ኮሚቴ በ1894 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው በፓሪስ ሲሆን፥ የኦሊምፒክ ቻርተር ፈረንሳይኛውና እንግሊዝኛው ሳይስማሙ ቢገኙ የሚጸናው ፈረንሳይኛው ነው። ፊፋ በ1904 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው እዚያው ፓሪስ ነው፤ ስሙም የፈረንሳይኛ ቃላት ምሕፃር ነው። አገራችን በ1957 እ.ኤ.አ. ካቋቋሙት አገሮች አንዷ የሆነችበትና ይድነቃቸው ተሰማ ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. የመሩት የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንም ብዙዎቹ አባሎቹ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ናቸው።

ከአዳማ ተነሥቶ በመልካሳ በኩል ወደ አሰላ፥ ከዚያም ወደ በቆጂ የሚዘልቀው መንገድ ደግሞ ዓለም የሚያውቀው የሯጮች መንገድ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. በፓሪሱ የዓለም ሻምፒዮና ቀነኒሳ በቀለ በ10,000 ሜትር፥ ጥሩነሽ ዲባባ በ5,000 ሜትር ወርቅ ያገኙት ከበቆጂ አካባቢ ወጥተው ነው። ልጆቻችን በእግራቸው ፓሪስ ከደረሱ፥ እኛ በጆሯችን እንኳ መድረስ እንዴት ያቅተናል?

ሰው ቋንቋ የሚለምደው ሊያውቀው የሚጓጓለት ነገር ሲኖረው ነው። ግስ በማርባት ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ ይህን ሁሉ ዓመት እንግሊዝኛ የተማርን እኛ ዛሬ በስብሰባ ፊት ባልተንተባተብን ነበር። ውድድር ቁጥርን፥ ሰዓትን፥ ተራን፥ ማሸነፍንና መሸነፍን እየደጋገመ ያሰማል፤ ውጤቱንም አስቀድመን ስለምናውቀው ቃሉ ሲነገር ትርጉሙ አብሮ ይመጣል። አንድ ቃል እንኳ ብዙ ያስተምራል። በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ፥ በአንዳንድ የሩጫ ርቀቶች በመጀመሪያው ዙር ለወደቁ ሯጮች ሁለተኛ ዕድል የሚሰጥ «ረፔሻዥ» የሚባል ዙር ተጀምሯል። የቃሉ ሥር ዓሣ ማጥመድ ነው፤ ውሃ የገባውን መልሶ ማውጣት እንደ ማለት። የአዋሽን ዓሣ አጥማጅ ያየ የመልካሳ ልጅ ይህን ቃል ከሰማው አይረሳውም። የማራቶኑም መንገድ የተቀየሰው በ1789 እ.ኤ.አ. የፓሪስ ሴቶች ዳቦ ቢጠፋባቸው ንጉሡ ወዳለበት ወደ ቬርሳይ የተጓዙበትን ጉዞ ለማስታወስ ነው። በዚያው ዕለት ማታ ሕዝቡ ራሱ «ማራቶን ፑር ቱ»፥ ማለትም ማራቶን ለሁሉም፥ ብሎ በሁለት ርቀት፥ በእያንዳንዱ 20,024 ሰው ሆኖ ሮጧል። ከአንድ ሩጫ ቋንቋም ታሪክም ይገኛል ማለት ነው።

«እንግሊዝኛውን መቼ ጠገብነውና ነው ሌላ የምንጨምረው?» የሚሉን ወንድሞችና እህቶች ይኖራሉ። ሌሎች ደግሞ «የቅኝ ገዥ ቋንቋ ነው» ይላሉ። ሁለቱም ከንቱ አስተያየት አይደለም። ነገር ግን ጅቡቲ ጎረቤታችንም የንግዳችንም በር ናት፤ የመንግሥቷም ቋንቋ ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ነው። ቅኝ ያልተገዛ ሕዝብ ቋንቋን የሚማረው ለመገዛት ሳይሆን ከወንድሙ ጋር ያለ አስተርጓሚ ለመነጋገር ነው። ለማኅበራችን የምናቀርበው ሐሳብም ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም።

አንደኛ፥ በሳምንት ሁለት ማታ የሚሰበሰብ የፈረንሳይኛ ክበብ ይቋቋም፤ ቋንቋውን የሚያውቁ መምህራንም አንድ አንድ ሰዓት ይለግሱን። ሁለተኛ፥ በፋኩልቲዎች መካከል በሚደረገው ጨዋታ ውጤቱ በአማርኛ፥ በኦሮምኛና በፈረንሳይኛ ይለፈፍ። ሦስተኛ፥ ከመልካሳ ወጣቶች ጋር በዓመት አንድ ቀን በአሰላው መንገድ የጋራ ሩጫ ይደረግ፤ የኪሎ ሜትሩ ምልክት በሦስቱም ቋንቋ ይጻፍ፤ ጅቡቲ የሚመላለሱ ሾፌሮችም የክብር እንግዶችና አስተማሪዎች ሆነው ይጠሩ። ከእነርሱ መማር ለተማሪ ውርደት አይደለም፤ ውርደቱስ ሻይ ቤቱ ውስጥ ደርሶብናል።

እኒያ እናት የጠየቁን ከባድ ፈተና አልነበረም፤ የልጃቸው ምስጋና እንዲተረጐምላቸው ብቻ ነበር። ነገ ሌላ ልጅ በዚያው መንገድ ሮጦ ሲያሸንፍ፥ ያው ጥያቄ እንደ ገና ይቀርብልናል። ያን ጊዜም ዝም የምንል ከሆነ፥ ጥፋቱ የትምህርት ቤቶቻችን ብቻ ነው ለማለት አፋችንን ሞልተን አንችልም።