የሚሞቀውና የሚቀዘቅዘው ወንበር ቅንጦት ነውን?

መቀመጫው የሚሞቅና የሚቀዘቅዝ መኪና አለ ሲባል ብዙ ሰዎች ፈገግ ይላሉ። «ሀብታም የሚያደርገውን ቢያጣ መቀመጫውን አሞቀ» ብለውም ነገሩን በቀልድ ያልፉታል። እናንተም ይህን አስተያየት ሰምታችሁ ይሆናል፤ ምናልባትም ትስማሙበት ይሆናል። ይሁን እንጂ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» እንደሚባለው ሁሉ፣ የአንድን መሣሪያ አሠራር ሳይመረምሩ ስለ ጥቅሙ መፍረድ ለስሕተት ይዳርጋል። የእኔ አስተያየት ከእነዚህ ሰዎች አስተያየት የተለየ ነው። ይኸውም ይህ ወንበር አሠራሩ ከታወቀና በተገቢው ቦታ ከዋለ፣ የቅንጦት ሳይሆን የቁጠባ መሣሪያ ነው የሚል ነው። ምክንያቶቼን በየተራ አቀርባለሁ፤ እናንተም እየመዘናችሁ ተከተሉ።

በመጀመሪያ የምንኖርበትን ምድር እንመልከት። በከምባታ፣ ከአምባሪቾ ተራራ አጠገብ የምትገኘው አንጋጫ የደጋ ከተማ ናት። ተራራው ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ስለሚል የአካባቢው ማለዳ፣ በተለይም በክረምት፣ ጋቢ ያስደርባል። ጎሕ ሲቀድ ከአንጋጫ ተነሥቶ በዱራሜ በኩል ወደ ሀላባ ቁሊቶ የሚወርድ መንገደኛ ግን፣ ወደ ስምጥ ሸለቆው በተጠጋ ቍጥር ብርዱ እየራቀው፣ ፀሐዩ እየበረታበት ይሄዳል። ማለዳ ገላን የሚያስደነግጠው ቀዝቃዛ የላስቲክ መቀመጫ፣ ቀትር ላይ በላብ ርሶ ከልብስ ጋር ይጣበቃል። እንግዲህ ሙቀትንም ቅዝቃዜንም በአንድ ቀን ጉዞ መሻት የሩቅ አገር ሰዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ አሠራሩ እንለፍ። የኤሌክትሪክ ምጣድ አይታችሁ ከሆነ የሚሞቀውን ወንበር ግማሽ ምሥጢር ታውቃላችሁ። ከምጣዱ ሸክላ ሥር የተጠማዘዘ ሽቦ አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ሽቦው እንቅስቃሴውን ስለሚገታ ኃይሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። በወንበሩም ውስጥ፣ ከላይኛው ሽፋን ሥር፣ ከቀጭን ሽቦ ወይም ከካርቦን ክር የተሠራ መረብ ተዘርግቷል። ልዩነቱ በመጠን ነው። እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ሲፈልግ፣ ለአንድ ወንበር ከ50 እስከ 100 ዋት ያህል ይበቃዋል። በፊዚክስ ትምህርታችሁ ያገኛችሁትን ስሌት አስታውሱ፤ ከ12 ቮልት ባትሪ 5 አምፔር ቢወሰድ የሚገኘው ኃይል 60 ዋት ነው። ሙቀቱ ከተወሰነለት ልክ እንዳያልፍም አንድ የሙቀት መቆጣጠሪያ ተገጥሞለታል፤ ወንበሩ በበቂ ሲሞቅ ኤሌክትሪኩን ያቋርጣል፣ ሲበርድ ደግሞ መልሶ ያገናኛል።

የማቀዝቀዙ ተግባር በሁለት መንገድ ይፈጸማል። አንደኛው እናቶቻችን በእንስራ የሚያውቁት ዘዴ ነው። ውኃ የተሞላ እንስራ በሸክላው ጥቃቅን ቀዳዳዎች በኩል ጥቂት በጥቂት ያልበዋል፤ ላቡም በሚተንበት ጊዜ ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ በውስጡ ያለው ውኃ ይቀዘቅዛል። አንድ ግራም ውኃ ከገላ ላይ ለመትነን 2,400 ጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል። የወንበሩም ሽፋን እንዲሁ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተበሳ ሲሆን፣ ከሥሩ ያለች ትንሽ ማራገቢያ አየር ታንቀሳቅሳለች። በዚህ ጊዜ በጀርባና በጭን ላይ የተጠራቀመው ላብ ይተናል፤ ተቀማጩም ቀዝቀዝ ይለዋል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ማራገቢያዋ ቀዝቃዛ አየር አልፈጠረችም፤ የገዛ ላባችን ሥራውን እንዲሠራ መንገድ ከፈተችለት እንጂ።

ሁለተኛው መንገድ ፈረንሳዊው ዣን ፔልቲዬ እ.ኤ.አ. በ1834 በደረሰበት ግኝት ላይ የተመሠረተ ነው። ሁለት የተለያዩ የኤሌክትሪክ አስተላላፊዎች በሁለት ቦታ ተጋጥመው ኤሌክትሪክ ሲያልፍባቸው፣ አንደኛው መጋጠሚያ ይቀዘቅዛል፣ ሁለተኛው ይሞቃል። የኤሌክትሪኩ አቅጣጫ ሲገለበጥ ደግሞ የቀዘቀዘው ይሞቃል፣ የሞቀው ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በዚህ ዘዴ በተሠራ ወንበር ውስጥ አንዱ ዕቃ ለብርዱም ለሐሩሩም ያገለግላል።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ዋና ቁም ነገር ወንበሩ የሚያሞቀው ሰውን እንጂ አየርን አለመሆኑ ነው። ይህም ሐሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ብርድ ሲበረታ አባቶቻችን ቤቱን በሙሉ ለማሞቅ አልደከሙም፤ ወደ ምድጃው ተጠጉ፣ ጋቢ ደረቡ። በቤንዚን ወይም በናፍጣ የሚሠራ ሞተር ከነዳጁ ኃይል አብዛኛውን ወደ ሙቀት ስለሚለውጠው፣ ከዚያ ትርፍ ጥቂቱን ወደ ተሳፋሪው ማዞር ብዙ አያስከፍልም። በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና ግን እንዲህ ያለ ትርፍ ሙቀት እምብዛም የለውም። አየሩን ለማሞቅ ለጉዞ ካከማቸው ኃይል ላይ መቀነስ ግዴታው ነው፤ ማሞቂያውም በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ እስከ 5,000 ዋት ሊፈጅ ይችላል። ሁለት ወንበሮችን ለማሞቅ ግን 150 ዋት ይበቃል። በአንድ ሰዓት ውስጥ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት መኪናውን ከ20 ኪሎ ሜትር የማያንስ መንገድ ሊያስኬደው ይችላል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ መኪናዎች በአገራችን እየበዙ መጥተዋል። ኃይል መሙያ ጣቢያ ግን ከአዲስ አበባ ርቆ እንደ ልብ አይገኝም። እንግዲህ በደጋው ዳገት ላይ ኃይሉ አልቆ ከመቆምና ካሰቡበት ከመድረስ የቱ ይሻላል? መልሱ ግልጽ ከሆነ፣ 20 ኪሎ ሜትር የሚያተርፍ ዕቃ ቅንጦት ሊባል አይገባውም።

የሚቃወሙኝ ሰዎች «ተሳፋሪው ተጣብቦ በሚጓዝበት፣ መቀመጫም በሚያጣበት አገር ስለ ወንበር ሙቀት መከራከር ምን ይፈይዳል?» ይሉኝ ይሆናል። ይህ ክርክር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ከሚሞቅ ወንበር በፊት ወንበሩ ራሱ ሊኖር ይገባል። ነገር ግን ጥያቄውን «ለማን ይቅደም?» ብለን ብንለውጠው መልሱም ይለወጣል። የግል መኪና ባለቤት በወንበሩ ላይ ጥቂት ጊዜ ቢቀመጥ ነው፤ የአውቶቡስና የጭነት መኪና ሾፌር ግን ከማለዳ እስከ ማታ ተቀምጦ ይውላል። ብርድ ያደነዘዘው እግርና ሐሩር ያዛለው ዐይን ደግሞ የሾፌሩ ብቻ ጉዳት አይደሉም፤ ከኋላው የተቀመጡት ሁሉ ሕይወታቸውን ለእርሱ አደራ ሰጥተዋልና። ታሪኩም ይህንኑ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1966 የአሜሪካው ካዲላክ የሚሞቅ ወንበርን ለፈለገ ደንበኛ ተጨማሪ ከፍሎ የሚያገኘው ምቾት አድርጎ አቀረበ። የስዊድኑ ሳብ ግን እ.ኤ.አ. በ1972 በቅድሚያ ለሾፌሩ መቀመጫ ገጠመው። ዕቃው ያው ነው፤ ጌጥ ወይም የሥራ መሣሪያ የሚያሰኘው የተሰጠው ቦታ ነው።

አደጋ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ወደ 44 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ሙቀት ለጊዜው የሚያቃጥል ባይመስልም፣ ለብዙ ሰዓታት ከቆዳ ጋር ከተነካካ ሊያቆስል ይችላል። በስኳር በሽታ ወይም በሽባነት ምክንያት የእግራቸው ስሜት የደከመባቸው ሰዎችም ሙቀቱ ሳይሰማቸው ሊቃጠሉ ይችላሉ። የመቆጣጠሪያው መሣሪያ ተበላሽቶ ሳለ ሽቦውን በቀጥታ ከባትሪው ጋር ማገናኘት ደግሞ ወንበሩን እንደ ምጣድ ማጋል ነው። ይህ ሁሉ ዕቃውን እንድንጥል ሳይሆን፣ ጠጋኞቹ አሠራሩን ጠንቅቀው እንዲማሩ የሚያስገድድ ምክንያት ነው።

እንዲህ ያለ ወንበር ለመግዛት አቅም የሌለው ሰውም ከአሠራሩ የሚማረው አለ። ለጽዳት ተብሎ በየሚኒባሱ የሚለበጠው ቀዳዳ የሌለው ላስቲክ ላቡ እንዳይተን ያግዳል፤ የእንስራውን ሥራ ያሰናክላል ማለት ነው። ታጥቦ የሚመለስ የጥጥ ጨርቅ ቢለብስበት ግን ቀትር ላይ ላብ ይመጥጣል፣ ማለዳም ገላን ከቀዝቃዛው ላስቲክ ይለያል። ለዚህም ሽቦም ሆነ ባትሪ አያስፈልግም።

ስለዚህ ተማሪዎች፣ ወደፊት አዲስ ዕቃ ስታዩ ከዋጋው በፊት «ሙቀቱ ከየት ተነሥቶ ወዴት ይሄዳል? ለማንስ ይጠቅማል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከእናንተ መካከል ነገ መካኒክ የሚሆን፣ ሾፌር የሚሆን፣ ለመሥሪያ ቤት አውቶቡስ የሚገዛም አይጠፋም። ያን ጊዜ ምጣዱንና እንስራውን አስታውሶ የሚፈርድ ሰው፣ በሀብታም ወንበር ላይ ከመሳቅ አልፎ ለሾፌሩ የሚበጀውን መርጦ ለመግዛት ይበቃል።