በጅዳና በመካ የተያዙ ሰዎች የዕፅ ምርመራ፦ የጤና መረጃ ወይስ የክስ ማስረጃ?

በጅዳ ወይም በመካ በአደንዛዥ ዕፅ ተጠርጥሮ በፖሊስ እጅ የወደቀ ሰው ከሚጠብቁት ነገሮች አንዱ ናሙና መስጠት ነው። ሽንቱ ወይም ደሙ ወደ ቤተ ሙከራ ይሄዳል፤ ከዚያ የሚመለሰው ውጤት ደግሞ በመዝገቡ ላይ ከሚያያዙት ማስረጃዎች አንዱ ይሆናል። በሳዑዲ ዓረቢያ ሕግ በተጠቃሚው፣ በአከፋፋዩና ዕፁን ከድንበር ማዶ በሚያስገባው ሰው መካከል ያለው የቅጣት ርቀት ከጥቂት ወራት እስር እስከ ሞት ይደርሳል። ስለዚህ የምርመራው ውጤት ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር ማወቅ ከቀይ ባሕር ማዶ ልጆች፣ ወንድሞችና እህቶች ላሏቸው የኢትዮጵያ ቤተሰቦች የሩቅ ጉዳይ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የአገሪቱ የአደንዛዥ ዕፅ ቁጥጥር ሕግ ለግል ፍጆታ ዕፅ የተጠቀመን ሰው ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣል። ጥፋተኛው የውጭ ዜጋ ከሆነ ቅጣቱን ፈጽሞ ከአገር ይባረራል። ዕፅ ወደ አገር የሚያስገባ ግን በሞት ሊቀጣ ይችላል። የዚህ ቅጣት መሠረት የተጣለው ሕጉ ከመውጣቱ 18 ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ1987 የታላላቅ ዑለማዎች ምክር ቤት ባሳለፈው ውሳኔ ነው። ያው ሕግ ሌላም ገጽ አለው፤ በራሱ ፈቃድ ወይም በቤተሰቡ አማካይነት ለሕክምና የቀረበን ተጠቃሚ ክስ እንዳይመሠረትበት ይከላከላል። ትርጉሙ «ተስፋ» የሆነው አል አማል ሆስፒታልም ለዚሁ አገልግሎት በጅዳ ተቋቁሟል።

በተያዙ ሰዎች ላይ የሚደረግ የዕፅ ምርመራ ግን በሌሎች አገሮች ፈጽሞ የተለየ ዓላማ ይዞ ሲሠራበት ቆይቷል። ዩናይትድ ስቴትስ በ1987 በትልልቅ ከተሞቿ እስር ቤቶች የጀመረችው የክትትል መርሐ ግብር ለዚህ ቀዳሚው ምሳሌ ነው። ጠያቂዎቹ ሰውዬው ከተያዘ 48 ሰዓት ሳይሞላው ያነጋግሩት ነበር፤ ፈቃደኛ ከሆነ የሽንት ናሙና ይሰጥ ነበር፤ ስሙ አይመዘገብም፤ ውጤቱም ለፖሊስም ሆነ ለዓቃቤ ሕግ አይደርስም ነበር። በየከተማው ከተመረመሩት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ዕፅ በሰውነታቸው ተገኝቷል። ከዚህ ይልቅ ተመራማሪዎቹን ያስደነቃቸው ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ምስጢራቸው እንደሚጠበቅ ከተነገራቸው በኋላም ብዙዎች «አልወሰድኩም» ብለው ሲክዱ የሽንታቸው ውጤት ተቃራኒውን መስክሯል። አውስትራሊያም ከ1999 ጀምሮ ተመሳሳይ ሥራ ስታከናውን ቆይታለች። ሥራው ርካሽ አይደለም። አሜሪካ ራሷ በ2003 በበጀት ምክንያት አቋርጣው፣ ከአራት ዓመታት በኋላ በጥቂት ከተሞች ብቻ መልሳ ጀምራው ነበር።

እንዲህ ያለው ክትትል ጥቅሙ የሚታየው እንደ ጅዳ ባለ የወደብ ከተማ ነው። በሚያዝያ 2021 ከሊባኖስ በተጫነ ሮማን ውስጥ ተደብቀው የመጡ ከ5 ሚሊዮን በላይ የካፕታጎን ክኒኖች በጅዳ ተይዘው፣ ሳዑዲ ዓረቢያ የሊባኖስ አትክልትና ፍራፍሬ እንዳይገባ እስከ ማገድ ደርሳለች። ካፕታጎን በ1960ዎቹ መጀመሪያ በጀርመን የተሠራ መድኃኒት ስም ነበር፤ ዛሬ በዚያ ስም የሚሸጠው ክኒን በአብዛኛው አምፌታሚን የተባለው አነቃቂ ቅመም ነው። ረጅም መንገድ የሚነዳ ሾፌርም ሆነ ለፈተና የሚያድር ተማሪ እንቅልፍ ለማባረር የሚውጠው መሆኑ ይነገራል። በጉምሩክ የተያዘው ክኒን የሚነግረን ግን የተያዘውን ብቻ ነው። ያመለጠው ማን ዘንድ እንደደረሰ፣ በየትኛው ሰፈርና በየትኛው የሥራ መስክ እንደተስፋፋ የሚያሳየው በሰዎች ላይ የሚደረግ ተከታታይ ምርመራ ነው። በየዓመቱ ከመላው ዓለም ምእመናን የሚጎርፉባት መካም ለእንግዶቿ ደኅንነት ስትል ይህን አስቀድማ ብታውቅ የምትጠቀምበት መረጃ ነው።

በጅዳና በመካ በፖሊስ ትእዛዝ የሚደረገው ምርመራ ግን የተዘጋጀው ለዚህ አይደለም። ናሙናው ስም አለው፤ የመዝገብ ቁጥር አለው፤ ውጤቱም የሚሄደው ወደ ከሳሹ ነው። የክስ ማስረጃ የሆነ ምርመራ የጤና መረጃ ሆኖ ሊነበብ አይችልም፤ ምክንያቱም የሚያሳየው ፖሊስ የጠረጠረውን ሰው እንጂ የኅብረተሰቡን ገጽታ አይደለም። በአንድ ወር በአንድ ሰፈር የሚደረግ የአፈሳ ዘመቻ ብቻውን ቁጥሩን ከፍ ወይም ዝቅ ሊያደርገው ይችላል።

ለኢትዮጵያውያን ጉዳዩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ጫት ነው። በአወዳይም ሆነ በባሕር ዳር በአደባባይ የሚሸጠው፣ ለኢትዮጵያም የውጭ ምንዛሪ የሚያስገኘው ቅጠል በሳዑዲ ዓረቢያ የተከለከለ ነው። በየመን ድንበር፣ በጂዛንና በአሲር በኩል ጫት ሲያሻግሩ ተያዙ ስለሚባሉ ኢትዮጵያውያን የአገሪቱ ድንበር ጠባቂዎች በተደጋጋሚ መግለጫ ያወጣሉ። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በባሕርይው የአምፌታሚን ዘመድ ነው። በመሆኑም በጥቂት ደቂቃ ውጤት የሚሰጠው ፈጣን መመርመሪያ፣ እንደ ዓይነቱ፣ ጫት የቃመን ሰው አምፌታሚን እንደወሰደ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶችም እንዲሁ ያሳስታሉ። ሁለቱን በእርግጠኝነት የሚለየው ቅመሞቹን አንድ በአንድ ነጣጥሎ የሚመዝነው የማረጋገጫ ምርመራ ነው። ጅዳ ይህን ሥራ የሚሠራ የመርዝ ቁጥጥርና የፎረንሲክ ኬሚስትሪ ማዕከል አላት። ተከሳሹ የማረጋገጫ ምርመራ መኖሩን ካላወቀ፣ አስተርጓሚም ከሌለው ግን እንዲደረግለት የሚጠይቅበት አንደበት የለውም።

ሌላው ነጥብ ጊዜ ነው። አምፌታሚን ከሽንት ውስጥ በጥቂት ቀናት ይጠፋል። ሐሺሽ አዘውትሮ የሚያጨስ ሰው ግን ካቆመ ከሳምንታት በኋላም ሊገኝበት ይችላል። ስለዚህ «ተገኝቶበታል» ማለት ሰውዬው በተያዘበት ሰዓት ሰክሮ ነበር ማለት አይደለም፤ ሸጧል ወይም አሻግሯል ማለት ደግሞ ጭራሽ አይደለም። በተቃራኒው ንጹሕ ውጤት ሁልጊዜ ለተከሳሹ አይበጅም። ዕፅ ተይዞበት ሳለ በሰውነቱ ውስጥ ምንም ያልተገኘበት ሰው «ለራሴ ፍጆታ ነው» የሚለው መከራከሪያው ሊላላ ይችላል።

ሕጉ በፈቃዱ ለሚታከም የከፈተው በርም ለሁሉም እኩል ሰፊ አይደለም። ከጅቡቲ በጀልባ ተሻግሮ፣ የመንን በእግሩ አቋርጦ ጅዳ የደረሰና ኢቃማ የሌለው ወጣት ወደ ሆስፒታል ሲቀርብ በዕፁ ባይከሰስ እንኳ በአገሪቱ በመገኘቱ ብቻ ተጠያቂ ይሆናል። ስለዚህ አይቀርብም። የሚገኘው ሲያዝ ነው፤ ሲያዝ ደግሞ ከክስ የሚያድነው የፈቃደኝነት ዕድል አልፎታል። የተጠቃሚነት ክስ ባይቀርብበት እንኳ መንገዱ በጅዳና በመካ መካከል ወደሚገኘው የሹመይሲ ማቆያ፣ ከዚያም ወደ ቦሌ ነው።

ከሁሉም የከፋው ጫፍ በአሻጋሪነት መፈረድ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ በዕፅ ወንጀል የሚፈጸመውን የሞት ቅጣት ለጊዜው ማቆሟ በጥር 2021 ቢገለጽም፣ በኅዳር 2022 ቅጣቱ እንደገና መፈጸም ጀምሯል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በሐምሌ 2025 ባወጣው ዘገባ መሠረት ከ2014 ወዲህ በዕፅ ወንጀል በሞት የተቀጡት ወደ 600 የሚጠጉ ሲሆን ከአራቱ ሦስቱ የውጭ ዜጎች ናቸው። ከእነዚህም መካከል ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል። የሪያድ ባለሥልጣናት ቅጣቱ ወጣቱን ትውልድ ከዕፅ ጥፋት ለመጠበቅ የሚፈጸም መሆኑን ያስረዳሉ። የዕፅ ጉዳት እውነት ነው፤ በሞት የተቀጡት ውስጥ ግን የንግዱ ባለቤቶች ሳይሆኑ ለጥቂት ገንዘብ ወይም ለመሻገሪያ ክፍያ ሲሉ የሰው ሸክም የተሸከሙ ድሆች እንዳሉበት የመብት ተሟጋቾች ደጋግመው ይናገራሉ።

በዚህ መካከል ሊሠራ የሚችል ነገር አለ። የ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 36 የተያዘ የውጭ ዜጋ ከጠየቀ ቆንስላው ሳይዘገይ እንዲነገረው ያዛል። በጅዳ የሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ስለ አንድ እስረኛ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ካወቀ፣ ናሙናው መቼ እንደተወሰደ፣ የማረጋገጫ ምርመራ መደረጉንና ቃሉን ሲሰጥ አስተርጓሚ መኖሩን መጠየቅ ይችላል። ከፍርድ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ግን ወደ ይግባኝና ወደ ይቅርታ ልመና ይዞራል፤ ያን ጊዜ የናሙናው ጉዳይ የተዘጋ ምዕራፍ ነው።

ጉዳዩ በመመለስም አያበቃም። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ባሉት ወራት ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመልሰዋል፤ ከዚያ ወዲህም በየዙሩ በአሥር ሺዎች ተመልሰዋል። በቦሌ ተቀባዮቹ ስም፣ የትውልድ ቦታና የጤና ሁኔታ ይመዘግባሉ፤ ምግብና የመሳፈሪያ ገንዘብ ይሰጣሉ። በጅዳ ሱስ የያዘው ወጣት ግን እዚያ የተመረመረበት ውጤት አብሮት አይመጣም። እሱም በወላጆቹ ፊት አያነሳውም። አዲስ አበባ ላይ በአማኑኤል ሆስፒታል ሕክምና ሊያገኝ ይችላል፤ አውቶቡሱ ግን በማግስቱ ወደ ወሎ ወይም ወደ ጅማ ይነሳል።