የአያትን ተረት በፓይተን ማንበብ

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ በብዙ ቤት የሚሰማ ጥያቄ አለ፦ «ይህ ልጅ ቀኑን ሙሉ ኮምፒዩተር ላይ ተጥዶ ምን ይሠራል?» አንዳንዱ ጌም ይጫወታል፤ አንዳንዱ ኮዲንግ ይማራል። የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ ከሆነ ወዲህ ደግሞ ቃሉ በየቤቱ ገብቷል። ልጅዎ «ፓይተን እየተማርኩ ነው» ካለዎት ስለ እባብ እንዳይመስልዎ። ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ ያቀረበው የኮምፒዩተር ቋንቋ ነው፤ ስሙም የመጣው ከእንግሊዝ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ነው።

ዛሬ ከዚህ ቋንቋ ለቤተሰብ የምትጠቅም አንዲት ትምህርት እናንሳ፦ በአንድ ፎልደር ውስጥ ያሉ ብዙ ፋይሎችን ተራ በተራ ከፍቶ ማንበብ።

አያት የነገሯቸውን አርባ ተረቶች ልጆች እየጻፉ፣ እያንዳንዱን በየራሱ ፋይል አስቀመጡ እንበል። «ጅብ ያለባቸው የትኞቹ ናቸው?» ቢባል በእጅ አርባ ጊዜ መክፈት፣ አርባ ጊዜ መዝጋት ነው። ፓይተን ግን ይህን በአምስት ስድስት መስመር ትእዛዝ ይጨርሰዋል። «ግሎብ» የሚባለው ትእዛዝ በፎልደሩ ውስጥ ያሉትን የጽሑፍ ፋይሎች ይለቅማል፤ «ፎር» አንድ በአንድ ያነሳል፤ «ኦፕን» ይከፍታል፤ «ሪድ» ያነባል። «ዊዝ» የሚለው ቃል ከተጨመረ ደግሞ ፋይሉ ተነብቦ ሲያልቅ በራሱ ይዘጋል።

ወላጅ ኮድ ባይችልም አራት ነገር መጠየቅ ይችላል።

«ቅጂ አለን?» ትልቁ አደጋ እዚህ ላይ ነው። ፋይል ሲከፈት «አር» የምትባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ለማንበብ ብቻ ናት፤ ምንም አትነካም። በእሷ ፈንታ «ደብሊው» ከተጻፈች ግን በፋይሉ ውስጥ የነበረው ሁሉ ገና ሲከፈት ይጠፋል፤ ቆሻሻ መጣያው ውስጥም አይገኝም። ትእዛዙ አርባውንም የሚዞር ከሆነ አርባው ተረት በቅጽበት ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ፎልደሩ በቅድሚያ ፍላሽ ላይ ይገልበጥ። ሳይደርቅ በርጥቡ ይሏል ይህን ነው።

«አማርኛ መሆኑን ነግረኸዋል?» ዊንዶውስ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ካልተነገረው በቀር ፓይተን የእኛን ፊደል የማይረባ ምልክት አድርጎ ሊያነበው ወይም አልችልም ብሎ ሊቆም ይችላል። መፍትሔው ሲከፈት «ዩቲኤፍ-8» ብሎ መጻፍ ነው።

«በቅደም ተከተል ነው?» ፋይሎቹ በተራቸው ይመጣሉ የሚል ዋስትና የለም፤ «ሶርትድ» በሚለው ትእዛዝ መደርደር አለባቸው። ያኔም ቢሆን የሚደረደሩት በስማቸው ፊደል ስለሆነ ተረት 10 ከተረት 2 ይቀድማል። ከመነሻው 01፣ 02 እያሉ መሰየም ይህን ያስቀራል።

አራተኛው የአያት ድርሻ ነው፦ «ቃሉን በስንት መልኩ ፈለግኸው?» ልጁ «ጅብ» ብሎ ቢፈልግ «አያ ጅቦ» የሞላበት ተረት አይወጣለትም። ለኮምፒዩተር «ብ»ና «ቦ» የማይገናኙ ሁለት ፊደሎች ናቸው። «ጅቡ»፣ «ጅቧ»፣ «ጅቢት» ሁሉ ለየብቻ መነገር አለባቸው። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»ም እንደዚሁ ናቸው፤ እኛ አንድ አድርገን እናነባቸዋለን፣ ማሽኑ ግን ይለያቸዋል። ተረቱን የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ከሌለ ልጁ «አልተገኘም» የሚለውን መልስ አምኖ ይነሳል፤ ተረቱ ግን እዚያው ፎልደር ውስጥ ተቀምጧል።

አያት ቃሉን ይንገሩ፣ የልጅ ልጅ ትእዛዙን ይጻፍ። አርባ ተረት እስኪሞላ መጠበቅም አያስፈልግም፤ በዚህ ቅዳሜ በሦስት ተረት ይጀመር። ሦስቱን በትክክል ያነበበ ትእዛዝ፣ ተረቱ ሲበዛም አንድ መስመር ሳይጨመርበት መቶውን ያነባል።