እግር አይገመትም፤ ይለካል

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በካማሺም ሆነ በሌላው የአገራችን ገበያ ጫማ ሲገዛ ሦስት አባባሎች ተደጋግመው ይሰማሉ። ለጠበበው «እየተለበሰ ይለቃል»፣ ለሰፋው «ካልሲ ይደረብበታል»፣ ለልጅ ደግሞ «ያድግበታል»። ሦስቱም እንደ ብልሃት ተቆጥረው ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋሉ። እኔ ግን ሦስቱም ጎጂ ናቸው እላለሁ። ጉዳታቸው የሚከፋውም ሁለተኛ ጫማ መግዛት በማይችለው ሰው ላይ ነው።

ከመጀመሪያው እንነሳ። ቆዳ በወርዱ ጥቂት ይለቃል፤ በርዝመቱ ግን አይለቅም። ዛሬ አውራ ጣትን የሚገፋ ጫማ ከወር በኋላም ይገፋል። ፕላስቲክ ጫማማ ጭራሽ አይለቅም። «ለመደ» የምንለው እግሩ ውሃ ቋጥሮ፣ ተልጦ፣ ቆዳው ደድሮ፣ ጥፍሩ ወደ ሥጋ ገብቶ ሲያበቃ ነው። ካልሲ መደረብም መፍትሔ አይሆንም፤ በካማሺ ቆላ ሙቀት ላብ ይጨምራል፣ ላብ የጠጣ እግር ደግሞ ቶሎ ይላጣል።

«ያድግበታል» የሚለው ከሁሉም የበለጠ ተቀባይነት አለው። በአውሮፓ የጫማ አቆጣጠር ከአንዱ ቁጥር እስከ ቀጣዩ ያለው ልዩነት 6.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሦስት ቁጥር ከፍ ተደርጎ የተገዛ ጫማ እንግዲህ 2 ሴንቲ ሜትር ትርፍ አለው ማለት ነው። ልጁ ጫማው እንዳይወልቅበት በየእርምጃው ጣቶቹን ያጥፋል፤ ተረከዙ ወጣ ገባ እያለ ይላጣል፤ ሲሮጥ ይደነቃቀፋል። የልጅ የእግር አጥንት ገና ያልጠነከረ ስለሆነ የጠበበ ጫማም ቅርጹን ያበላሸዋል። ለዕድገት የሚበቃው ከረጅሙ ጣት ፊት የአንድ የእጅ አውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍተት ነው።

አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ማሸነፉን ሁላችንም በኩራት እናነሳለን። በባዶ እግሩ ለመሮጥ የወሰነው ግን እዚያ ያገኘው ጫማ ስላልተስማማው መሆኑን ብዙ ጊዜ እንዘነጋለን። ይለምደኛል ብሎ አልገባበትም። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ። ከዚህ የምማረው የባዶ እግርን ብልጫ አይደለም፤ ያልተስማማ ጫማን እምቢ ማለትን ነው።

ጫማ በጥንቃቄ ሲመረጥ ለማየት በበረዶ ላይ ከተራራ ቁልቁል በሸርተቴ የሚወርዱ ሰዎችን እንመልከት፤ የሚያደርጉት ጠንካራ ቡት ቁጥሩ የእግሩ ርዝመት ነው፤ 26 የሚል ቡት 26 ሴንቲ ሜትር ለሆነ እግር ነው። ገዢው ቆሞ ይለካል፣ ተረከዙን ወደ ኋላ ያስጠጋል፣ ጉልበቱን አጥፎ ጣቶቹ ከፊት ሲላቀቁ ያያል። ያልተስማማ ቡት አደጋ መሆኑ ስለታወቀ ምርጫው ከእግር ይጀምራል። በካማሺ ዳገትና ቁልቁለት ተጉዞ ትምህርት ቤት፣ ማሳ ወይም ገበያ የሚደርስ ሰው ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ የሚገባው በምን ምክንያት ነው?

ጫማ ለጌጥ ብቻ የሚፈለግ ዕቃ አይደለም። በባዶ እግር ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ለዓመታት መሄድ ዝሆኔ ሊያመጣ ይችላል። በኢትዮጵያ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ አዋቂዎች በዚህ በሽታ እንደተያዙ በጥናት ተገምቷል፤ ለካማሺ ጎረቤት በሆነው ምዕራብ ወለጋም በጉሊሶ ወረዳ በሽታው ተጠንቷል። መከላከያው ጫማ ማድረግና እግርን መታጠብ ነው። የሚቆረቁር ጫማ ግን በእጅ ይያዛል፤ እግሩም ተመልሶ አፈር ላይ ያርፋል።

«ድሃ ምን አማራጭ አለው?» የሚለኝ ይኖራል። ጥያቄው ከባድ ነው፤ ካማሺን ከክልሉ ዋና ከተማ ከአሶሳ የሚያገናኛት መንገድ በወለጋ በኩል የሚዞር ነው፣ በገበያው ያለው ቁጥርም ውስን ነው፣ የተሳሳተውን መቀየር ይከብዳል። ይህ ሁሉ ግን የመለካትን አስፈላጊነት ያጠናክራል። በዓመት አንዴ ብቻ የሚገዛ ሰው የሚሳሳትበት ዕድል የለውም። መለካት ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። ልጁን በሁለቱም እግሩ ወረቀት ላይ አቁሞ ዙሪያውን በእርሳስ መሣል፣ ትልቁን እግር መያዝ፣ ወረቀቱን ቆርጦ ጫማው ውስጥ ሳይታጠፍ መግባቱን ማየት በቂ ነው። እግር በቀን ሲቆም ስለሚያብጥ ከሰዓት በኋላ መለካት ይሻላል። ጫማው የሚገዛለት ሰው ራሱ ካለ ሁለቱንም ጫማ አድርጎ ጥቂት ይራመድ፤ ተረከዙ ከወለቀ ወይም ጣቱ ከተጫነ ይመልሰው።

ነጋዴውም «ሳትገዛ አትለካም» ማለቱን ይተው። ለተማሪዎች ወይም ከቀያቸው ለተፈናቀሉ ሰዎች ጫማ የሚለግስ ድርጅት ስንት ጥንድ እንደሰጠ ከመቁጠሩ በፊት የተቀባዮቹን እግር ይለካ። መምህራን በትምህርት መጀመሪያ የተማሪዎችን የእግር ርዝመት መዝግበው ለወላጅ ቢልኩ ማስመሪያና ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይጠይቃቸዋል። ወላጅም ከቁጥር በፊት ሴንቲ ሜትርን ይዞ ወደ ገበያ ይሂድ።