ሁለት ጣት ለማይሞላ ከፍታ

ከተማ ውስጥ ለሚነዳ መኪና ከልኩ በላይ የሆነ ጎማ ማሰር መኪናውን ማበላሸት ነው። ይህን ስል የሚቆጡኝ ጓደኞች አሉኝ፤ ይቆጡ። ከሐረር በስተደቡብ ያለው ሐኪም ጋራ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት ብትወጡ የምለው ይገባችኋል። ጀጎል ከነግንቡ እንደ ካርታ ከእግር ስር ተዘርግቷል፤ ከፊቱ አንድ ፕራዶ ቆሟል፤ ከፕራዶው አጠገብ ባለቤቱ አንድ እግሩን ጎማው ላይ ሰቅሎ ፎቶ ይነሳል። የጎማው ጥርስ ለጭቃ የተሠራ ነው፤ ጭቃ ግን አይቶ አያውቅም። ጥርሱ መሃል የተሰነቀረው የአስፋልት ጠጠር ነው። ሰው ለዘመናት በእግሩ ሲወጣው የኖረ ጋራ አሁን የጎማ ማስታወቂያ ጀርባ ሆኖ ቀርቷል።

እኔ እንጀራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው፤ የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ነው። ስለዚህ ነገሩን በቁጥር ልያዘው።

150 የሚባለው ፕራዶ ላይ በብዛት የምታገኙት የፋብሪካ ልክ 265/65 አር 17 ነው። 265 የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር፣ 65 የጎኑ ቁመት ከወርዱ በመቶኛ ሲሰላ፣ 17 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ደምራችሁ ስታዩት የጎማው ሙሉ ቁመት 776 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሁሉም የሚመኘው 285/70 አር 17 ደግሞ 831 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ 55። ነገር ግን አክስሉ ያለው ጎማው መሃል ላይ ስለሆነ መኪናው ከመሬት የሚነሳው በግማሹ ብቻ ነው፤ 27 ሚሊ ሜትር። ሁለት ጣታችሁን ጎን ለጎን ግጠሙና እዩት፤ ከዚያ ያንሳል። የብዙ ወር ደሞዝ የሚከፈለው ለዚህ ነው።

ከፍታው ያንሳል እንጂ መዘዙ አያንስም። 831ን ለ776 ስታካፍሉ 1.07 ይወጣል። ይህች 7 በመቶ መኪናው ውስጥ የማትገባበት ቦታ የለም።

ከኮምፒውተሩ እንጀምር። የመኪናው ኮምፒውተር ጎማው ስንት ዙር እንደዞረ ይቆጥራል እንጂ ስንት ሜትር እንደሄደ አያውቅም። ሜትሩን የሚያገኘው ፋብሪካው አንድ ጊዜ በጻፈለት ቋሚ ቁጥር አባዝቶ ነው። እናንተ ጎማውን ቀየራችሁ፤ ቁጥሩን ማንም አልነገረውም። ኮድ የሚጽፍ ሰው ይህን ሲሰማ ሆዱን ይቆርጠዋል፦ ስህተት ነው፣ ግን ቀይ መብራት የማያበራ ስህተት ነው። ቆጣሪው 100 ሲል እናንተ ወደ 107 እየሄዳችሁ ነው። እርግጥ ብዙ ፋብሪካዎች ቆጣሪውን ሆን ብለው ትንሽ ያጋንኑታል፤ ያቺን መጠባበቂያ ነው በልታችሁ የጨረሳችኋት። በ5,000 ኪሎ ሜትር የሚቀየረው ዘይት በ5,350 ይቀየራል። ነገ መኪናውን ስትሸጡ ደግሞ ቆጣሪው 100,000 ቢል እውነቱ 107,000 ነው። ቆጣሪ በላፕቶፕ የሚያወርደውን ሌባ እንላለን፤ በጎማ የሚያወርደውን ምን እንበለው?

ይሄ ግን የገንዘብ ጉዳይ ነው። የሚያስፈራኝ ቁልቁለቱ ነው።

ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ድሬዳዋ 1,200 ገደማ። ሰውና ዕቃ ጭኖ 2,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና ይህን 700 ሜትር ሲወርድ ከ17 ሚሊዮን ጁል በላይ ጉልበት የሆነ ቦታ ማራገፍ አለበት። ቁጥሩ ካልታያችሁ፣ ወደ 50 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈላ ሙቀት ነው። ከፊሉን ነፋሱና የጎማው ግጭት ይወስዱታል፣ ከፊሉን ሞተሩ ይይዛል፤ የቀረው ፍሬኑ ላይ ያርፋል። የዚህ መንገድ ሾፌሮች ከደንገጎ በታች በከባድ ማርሽ የሚወርዱት ለዚህ ነው፤ ማንም ፊዚክስ አላስተማራቸውም፣ መንገዱ አስተምሯቸዋል። አሁን ትልቁን ጎማ አስገቡበት። ሞተሩ መኪናውን የሚይዝበት ጉልበት ወደ 7 በመቶ ቀነሰ፤ ፔዳሉን በተለመደው ኃይል ስትረግጡ ጎማው መሬት ላይ የሚያሳርፈው የፍሬን ጉልበትም በዚያው ልክ ቀነሰ። ሞተሩ ያልያዘው ሁሉ ወደ ፍሬኑ ይሄዳል። ትልቁ ጎማ በዚያ ላይ ይከብዳል፣ ክብደቱ ደግሞ ዳር ላይ ስለሆነ የያዘውን ፍጥነት በቀላሉ አይለቅም። ፍሬኑን ግን ማን ቀየረ? አይቼ አላውቅም። ጎማና ሪም ፎቶ ላይ ይታያል፤ የፍሬን ሸራ አይታይም።

«አቦ፣ ሐረርጌ ገጠር ስትወጣ ትልቅ ጎማ ያስፈልግሃል» ይሉኛል። እሺ። የሐረርን መንገድ ማን ነው ያስተማረን? ፔጆ 404 ነች። እነዚያ አሮጌ ታክሲዎች ቁጥራቸው ሳስቶ ቦታቸውን ለባጃጅ እስኪለቁ ድረስ የከተማዋ መለያ ነበሩ። (መኪና ግርግር የሚባለው የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ እንኳ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪና ድምፅ ነው፤ እዚህ ከተማ መኪና ሲባል መጀመሪያ ሥራ ነው የሚታሰበው።) የ404 ጎማ ወርዱ 165 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ፎቶ የሚነሳው ልጅ ጎማ ከዚያ በ120 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ይህችው ቀጭን ጎማ ያላት መኪና በ1963፣ ከዚያም በ1966፣ በ1967 እና በ1968 የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድርን አሸንፋለች። ያ ውድድር የኬንያን፣ የኡጋንዳንና የታንዛኒያን ጭቃና አቧራ በሺዎች ኪሎ ሜትር የሚያቋርጥ ነበር። ያሸነፈችው በጎማ ስፋት አልነበረም፤ መንገድ በሚለሰልስ እገዳዋ፣ በጠንካራ አካሏና በሾፌር ነው።

የድሮ ነገር አታውራ ካላችሁኝ የዛሬውን እዩ። በረሃ ለበረሃ የሚሠሩት የእርዳታ ድርጅቶች ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ላይ በብዛት የምታገኙት ጎማ 7.50 አር 16 ነው፤ ቀጭንና ረጅም። ሶማሌ ክልል ውስጥ እህልና መድኃኒት የሚያደርሰው መኪና ቀጭን ጎማ ይዞ ሲሄድ፣ ከቀበሌ እስከ ካፌ የሚመላለሰው የጦር ሜዳ ጎማ ያስራል። አንዱ ሥራ አለበት፣ ሌላው ተመልካች አለው።

የፋሽኑ ሌላ ጫፍ ደግሞ አለ፦ ትልቅ ሪም ከስስ ጎማ ጋር። ራቭ ፎር ላይ 225/65 አር 17 አውልቆ 245/45 አር 20 ማሰር። ሙሉ ቁመቱ ብዙም አይለወጥም፣ 724 የነበረው 728 ይሆናል፤ ስለዚህ ቆጣሪው አይዋሽም። የተበላው የጎማው ጎን ነው፤ ከ146 ሚሊ ሜትር ወደ 110 ወርዷል። ያ ጎን አየር የያዘ ትራስ ነበር። ኮብልስቶን ላይ፣ ጉድጓድ ውስጥ፣ ሳይታይ በተሠራ ፍጥነት መቀነሻ ላይ ምቱን የሚውጠው እሱ ነበር። አሁን ምቱ ሪሙን ያጣምማል፣ ቀጥሎ ኩሽኔታውን ያስጮኻል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለቆመ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ወዳጄም ከዚህ አላመለጠም፤ ሪም አስተልቆ «ቻርጁ ቶሎ ያልቃል» ይለኛል። አምራቾቹ ራሳቸው ለትልቁ ሪም አጠር ያለ ርቀት ነው የሚጽፉት፤ አንብበው።

«ገንዘቡ የኔ፣ መኪናው የኔ፣ አንተ ምን አገባህ?» የሚለው ነው የቀረኝ መልስ። መንገዱ የአንተ ብቻ ስላልሆነ ያገባኛል። ሰፊ ጎማ አልበቃ ብሎ ስፔሰር ገብቶበት ከፓራፋንጎው ወጥቶ ሲዞር፣ ጠጠሩንና ጭቃውን የሚሸፍንለት የለም። ጠጠሩ የሚያርፈው ከጋራው ወደ ገበያ በምትወርደው፣ ጀርባዋ ላይ እንጨት በተሸከመችው እናት ላይ ነው። አንተ መስኮትህን ዘግተሃል። ፍሬንህ ቁልቁለት ላይ ሲደክምም ቀድሞ የሚያገኘው ከፊትህ ያለውን ባጃጅ ነው፤ እሱ ውስጥ ያሉት አራት ሰዎች ስለ ሪምህ አልተጠየቁም። ለዓመታዊው ምርመራ የድሮውን ጎማ አስሮ ሄዶ፣ ቦሎ ሲለጠፍለት ትልቁን መልሶ የሚያስር ሰው አውቃለሁ። ስለ ነፃነት የሚያወራ ሰው ለምን ይደበቃል?

ጭነት የማይችል ጎማም አለ፤ ይሄ ሲነገር አልሰማም። ከልኩ ቀጥሎ የተጻፈችው ቁጥር ጎማው የሚሸከመውን ነው የምትናገረው፦ 95 ማለት 690 ኪሎ፣ 102 ማለት 850፣ 112 ማለት 1,120። ሻጩ «ጥርሱን እይ» ይላችኋል። እናንተ ቁጥሩን እዩ። ከዚያ ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ ጋር ያለውን የአራት አሃዝ ቁጥር ፈልጉ፤ 2315 ካለ ጎማው የተሠራው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2015 በ23ኛው ሳምንት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ያገለገለ ጎማ «አዲስ ነው» ተብሎ ሲሸጥ ቀኑን የሚያነብ ገዢ ብዙ አይደለም።

መጨመር የምትፈልጉት ገንዘብ ካለ በፋብሪካው ልክ ጥሩ ጎማ ግዙ፣ የተረፈውን ፍሬኑ ላይ አውሉት። ልኩን ለማወቅ እኔን ማመን አያስፈልግም፤ የሾፌሩን በር ክፈቱ፣ ምሰሶው ላይ አንድ ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል፤ የጎማው ልክና የአየሩ መጠን እዚያ አለ። አንዳንዱ ላይ የሱቁ ስቲከር ተደርቦበታል፤ በጥፍር ይላጣል።