ሞላ በሽቦ ታስሮ አይፈታም!

በንፋስ ስልክ ላፍቶ መኪናውን ዝቅ ማስደረግ የፈለገ ወጣት ሁለት ዓይነት ሰው ይገጥመዋል። አንደኛው ይስቅበታል። «በዚህ ኮረኮንች፣ በዚህ ጉብታ፣ በዚህ የክረምት ጎርፍ ሰው ከፍ ያስደርጋል እንጂ ዝቅ ያስደርጋል እንዴ?» ይለዋል። ሁለተኛው አይስቅም፤ ግራይንደሩን ያነሳል። «አምጣው፣ በአንድ ሰዓት ቆርጬ እሰጥሃለሁ» ይለዋል።

የመጀመሪያው ሰው ቀልድ ማንንም አያድንም። የሁለተኛው ሰው ችኮላ ግን ሰው ሊገድል ይችላል። ክርክሩ ሁሌም የሚያልቀው እዚያው ነው፦ ዝቅ ያለ መኪና ያምራል ወይስ አያምርም? የዱርዬ ነው ወይስ የጨዋ? ትልቁ ጥያቄ ግን ሳይነሳ ይቀራል። ሞላው የሚፈታው በምንድን ነው?

ሞላ ተራ ብረት አይደለም። በብዙዎቹ የቤት መኪኖች የፊት ሞላ ሾክ አብዞርበሩን ከቦ፣ በላይኛው መያዣና በታችኛው ሳህን መካከል ተጨምቆ ነው የተቀመጠው። መኪናው በክሪክ ተነስቶ፣ ጎማው ወልቆ፣ እግሩ በሙሉ ወርዶ መሬት ላይ ቢቀመጥ እንኳ ሞላው አላረፈም። በብዙ ኪሎ የሚለካውን ያን ጉልበት አፍና የያዘችው ከአናቱ ያለችው አንዲት ዳዶ ናት። ሞላው ሳይጨመቅ ያቺ ዳዶ ከተፈታች ጉልበቱ በአንድ ቅጽበት ይለቀቃል። የሚሄደውም መፍቻ ይዞ ወደተጎነበሰው ሰው ፊት ነው።

ለዚህ ሥራ የተሠራ መሣሪያ አለ፤ ሞላ መጭመቂያ ይባላል። ውስብስብ ነገር የለውም። ጥርስ ያላቸው ሁለት ረጃጅም ብሎኖች፣ በየጫፋቸው ሞላውን የሚነክሱ መንጠቆዎች። ሁለቱ ትይዩ ሆነው በሞላው ግራና ቀኝ ይታሰራሉ። ከዚያ አንዱ ትንሽ፣ ሌላው ትንሽ እየተባለ ተራ በተራ ይጠብቃሉ። ሞላው በእጅ ሲነካ ከሳህኑ ላይ እስኪላላ ድረስ ይጨመቃል። ዳዶዋ የምትፈታው ያኔ ብቻ ነው። መሣሪያው ቅንጦት አይደለም፤ ዋጋውም መኪና ዝቅ ለማስደረግ አቅም ያለውን ሰው የሚያስለቅስ አይደለም።

መጭመቂያ በሌለበት ቦታ የሚደረገው ግን ሌላ ነው። ሞላው በሽቦ ይጠፈራል፣ በገመድ ይታሰራል፣ ወይም አንድ ልጅ ይቆምበትና ሌላው ይፈታል። ሽቦ መቼ እንደሚበጠስ ቀጠሮ አይሰጥም።

«ሃያ ዓመት እንዲህ ስንሠራ ምንም አልሆንን» የሚል መልስ ይመጣል። ይህ መልስ ልብ ተብሎ ሊሰማ ይገባዋል፤ ምክንያቱም ራሱን ያጋልጣል። «ምንም አልሆንን» የሚለው ዛሬ ወንበር ላይ ተቀምጦ ትእዛዝ የሚሰጠው ነው። ሞላው ላይ የተጎነበሰው ረዳቱ ነው። ሙያ ሊለምድ የመጣ፣ «እምቢ» ቢል ነገ ሌላ የሚተካው ልጅ ነው። የተረፈ ሰው ምስክርነት ያልተረፈውን አይጨምርም።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ አሠሪም የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ አለበት ይላል። ልጅን በሽቦ የታሰረ ሞላ ላይ ማቆም ከየትኛው ግዴታ ጋር ነው የሚገጥመው?

እዚህ ላይ የሚስቀውም ሰው ነፃ አይወጣም። «እኔ ዝቅ አላስደረግሁም፣ ከፍ ነው ያስደረግሁት» ቢል፣ ከሞላው በላይ ወይም በታች ጎማ ወይም አሉሚኒየም ሲያስገባ ብዙ ጊዜ የሚፈታው ያው እግር ነው። ያው ሞላ፣ ያቺው ዳዶ፣ ያው ሽቦ። ጭቅጭቁ በዝቅና በከፍታ መካከል ነው የሚል ሁሉ ተሳስቷል። ጉዳዩ በመሣሪያና ያለ መሣሪያ በመሥራት መካከል ነው።

ወደ ግራይንደሩ እንመለስ ከተባለ፣ ሞላ መቁረጥ ሌላ ጉድ ነው። መጀመሪያ፣ የሞላው ጫፍ በሳህኑ ጎድጓዳ ቦታ ልክ እንዲቀመጥ ተደርጎ ነው የተሠራው። ያ ጫፍ ሲቆረጥ መቀመጫው ይበላሻል። ሁለተኛ፣ ያጠረ ሞላ መኪናው ጉብታ ሲዘልና ጎማው ሲንጠለጠል ይላላል፤ ሲመለስ በቦታው ላያርፍ ይችላል። ሦስተኛ፣ ሞላ ሲያጥር ይጠጥራል። የሚሠሩ 6 ጥምጥሞች ያሉት ሞላ አንዱ ቢቆረጥ ጥንካሬው በ20 በመቶ ይጨምራል፤ ሾክ አብዞርበሩ ግን ለቀድሞው ሞላ የተሠራ ነው። መኪናው መንገጫገጭ የሚጀምረው ለዚህ ነው። በእሳት አሙቆ ማውረድ ደግሞ ከመቁረጥም ይብሳል። ሞላ ሞላ የሆነው ፋብሪካ ውስጥ በሙቀት በተሰጠው ጥንካሬ ነው፤ በብየዳ እሳት ያ ጥንካሬ ይሄዳል፣ የቀረው የተጠመጠመ ብረት ነው።

ዝቅ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ለመኪናው ሞዴል ተሠርቶ የተዘጋጀ አጭር ሞላ ይገዛል። ይህ ሞላ የሚያጥረው ከነጥንካሬው ተሰልቶ ነው። ራሱ ልግጠም ካለም መብቱ ነው። በራስ እጅ መሥራት ነውር የለበትም፤ ነውሩ በባዶ እጅ መሥራት ነው።

በትክክል የሚሠራ ሰው መኪናውን ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ ያቆማል፤ ኮረት ወይም ጭቃ ላይ አይደለም። የጎማ ዳዶዎችን መሬት ላይ እያለ ያላላል፣ ከዚያ በክሪክ ያነሳል። ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም፤ ስለዚህ ከሥር የብረት ማቆሚያ ያስገባል፣ ድንጋይ አያስገባም። የፍሬን ቱቦውን ከእግሩ ያላቅቃል፣ እንዳይንጠለጠልና እንዳይለጠጥ ይደግፋል። እግሩን ያወርዳል። በመጭመቂያ ሞላውን ይጨምቃል፣ ዳዶዋን ይፈታል፣ ሞላውን ይቀይራል። የአዲሱን ሞላ ጫፍ በመቀመጫው ልክ ያሳርፋል። ዳዶዋን ካጠበቀ በኋላ መጭመቂያውን እንደገና ተራ በተራ ያላላል። ቡሎኖችን በግምት ሳይሆን ልኩን በሚያሳይ መፍቻ ያጠብቃል። የብራቾ ጎሚኒዎችን ደግሞ መኪናው በጎማው ቆሞ ክብደቱ ሲያርፍ ያጠብቃል፤ አየር ላይ እያለ የጠበቀ ጎሚኒ ተጣምሞ ቶሎ ይቀደዳል። በመጨረሻ አላይመንት ያሠራል፤ መኪና ከፍታው ሲቀየር የጎማው አቋም አብሮ ይቀየራልና። የፊት መብራቱንም ያስተካክላል። ይህን ሁሉ በአንድ ሰዓት የሚጨርስ ሰው አንዱን ዘሏል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

በጀርመን አጭር ሞላ የገጠመ ሰው መኪናውን አስመርምሮ ለውጡን ማስመዝገብ አለበት። በጃፓን የምርመራ ደንብ የመኪናው ሥር ከመሬት ቢያንስ 9 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት። እነዚህ አገሮች ወጣቱን አልሰደቡትም። «አድርግ፤ ግን እንዲህ አድርግ» አሉት። በኢትዮጵያም የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 ከ2002 ጀምሮ አለ። የዓመቱ ቦሎ የሚሰጥ መርማሪ ጎንበስ ብሎ የተቆረጠ ሞላ ለማየት የሚፈጅበት ጊዜ ደቂቃ አይሞላም።

ነገሩ ነገ ይቀላል ብሎ የሚጠብቅም ካለ ይሳሳታል። መንግሥት በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ ወደ ጋራዥ የሚመጣው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪው ከወለሉ ሥር ነው፤ ክብደቱም በመጠን ከሚመስለው የነዳጅ መኪና ይበልጣል። ከባድ መኪና የሚሸከም ሞላ የሚያፍነው ጉልበትም ከባድ ነው። ክሪክ ከተፈቀደለት ቦታ ውጭ ቢገባ የሚወጋው ባትሪውን ነው። ሞላው ተቆርጦ ወለሉ ጉብታ ላይ ቢያርፍም የሚመታው ባትሪው ነው። ለቪትዝ ያልተገዛ መጭመቂያ ለዚህኛው ሊቀር ነው?

ጥፋቱ የጋራዥ ብቻ አይደለም። ባለመኪናው ለሪም የከፈለውን ሳይቆጥር በእጅ ዋጋ ላይ ይከራከራል፤ «እዚያ ማዶ በግማሽ ይሠሩልኛል» ይላል። እዚያ ማዶ በግማሽ የሚሠሩት መጭመቂያ ስለሌላቸው ነው። የተቀነሰችው ብር ከረዳቱ ዓይን ላይ የተቀነሰች ናት።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። የአንድ ሰፈር ጋራዦች ቢያዋጡ መጭመቂያ ገዝተው ተራ በተራ ይጠቀሙበታል። በክፍለ ከተማው የንፋስ ስልክ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለ፤ የአንድ ቀን የሞላ ሥልጠና ለጋራዥ ረዳቶች ቢከፈት የሚጎዳ ማንም የለም። ባለመኪናውም መኪናውን ከማስገባቱ በፊት አንዲት ጥያቄ ይጠይቅ፦ «መጭመቂያችሁ የታለ?» መልሱ ሽቦ ከሆነ ቁልፉን ይዞ ይመለስ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።

መኪና ዝቅም ይበል ከፍም ይበል የባለቤቱ ምርጫ ነው። ሞላው ላይ የተጎነበሰው ልጅ ግን አልመረጠም። ሽቦ ለአጥር ነው፤ ለሞላ መጭመቂያ ይገዛ።