ስለ አምሳያ ባቡር የጭነት ፉርጎዎች አመራረጥ

ወላጆች በትርፍ ጊዜያቸው ከልጆቻቸው ጋር ስለሚሠሩት ሥራ በምንጽፍበት በዚህ ዓምድ፥ ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አምሳያ ባቡር ነው። አምሳያ ባቡር ስንልም በጠረጴዛ ላይ የሚያልቀውን ትንሹን ማለታችን አይደለም፤ አንዱ ፉርጎ ከስንዝር በላይ ርዝመት ያለውን፥ ሐዲዱም በሳሎን ወለል ወይም በጓሮ አትክልት መካከል የሚነጠፍለትን ትልቁን ዓይነት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲጀምር ገንዘቡንም አሳቡንም በሎኮሞቲቩ ላይ ያውልና፥ ፉርጎዎቹን በመጨረሻ በተረፈችው ሳንቲም ይገዛል። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ስለ ነበረ ስሕተታችንን አስቀድመን ብንነግራችሁ ይሻላል።

በጀርመን አገር በኖርንበት ዘመን ለልጃችን ደኅና ሎኮሞቲቭ ከገዛንለት በኋላ፥ ከአንድ ሻጭ ስድስት የጭነት ፉርጎዎች ባንድነት በርካሽ ዋጋ አገኘን። ቀለማቸው ያበራል፤ በጎናቸው ያለውም ጽሕፈት ያምራል። በሐዲዱ ላይ ባወጣናቸው ጊዜ ግን ሁለቱ ገና በመጀመሪያው ጥምዝ ላይ ከሐዲድ ወጡ፤ ሦስተኛው ከሌሎቹ ጋር አልያያዝ አለ፤ የቀሩትም ሎኮሞቲቩን እያስጨነቁ በግድ ተጐተቱ። ልጁ ወለል ላይ ተንበርክኮ የወደቀውን ሲያነሣ ሦስት ቀን ከሰነበተ በኋላ፥ ሁሉንም ወደ ሣጥኑ መልሶ ስለ ባቡር ማውራት ተወ። ገንዘቡ ቢያስቈጨንም ይበልጥ ያሳዘነን የልጁ ዝምታ ነበረ።

በዚያው ዓመት የልጁ አያት ሊጠይቁን መጡ። እርሳቸው በድሬ ዳዋ በምድር ባቡር ፉርጎ በሚጠገንበት ቤት ረዥም ዘመን ያገለገሉ ሰው ናቸው። ሣጥኑን አስከፈቱና ፉርጎዎቹን አንድ በአንድ እየገለበጡ ሥር ሥራቸውን ተመለከቱ። ቀለሙን ልብ እንኳ አላሉትም። ከዚያ አንዱን መንኰራኵር በጣታቸው ቢያሽከረክሩት ሁለት ጊዜ ሳይዞር ቆመ። «የኔ ልጅ፥ ይኼ ፉርጎ እኮ አይሄድም፤ ይጐተታል እንጂ» አሉት። ልጁም ሳቀ፤ ከብዙ ቀን በኋላ መሳቁ ነበረ።

እንግዲህ እኛም ከመንኰራኵሩ እንጀምር። ርካሹ ፉርጎ ብዙውን ጊዜ መንኰራኵሩ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክ ቀላል ስለ ሆነ ክብደቱን ወደ ታች አያደርግም፤ በሐዲዱም ላይ ጥቁር እድፍ እየጣለ ስለሚሄድ፥ ኤሌክትሪኩ ከሐዲዱ ወደ ሎኮሞቲቩ በደንብ እንዳይደርስ ያግዳል። የብረት መንኰራኵር ግን ክብደቱን ከሥር ያሳርፋል፥ አዟዟሩም ለስላሳ ነው፥ ድምፁም የእውነተኛውን ባቡር ድምፅ ይመስላል። ይህ የብረት መንኰራኵር ከነዘንጉ ለብቻው ስለሚሸጥ፥ አካሉ ደኅና የሆነ ፉርጎ ያለው ሰው መንኰራኵሩን ብቻ ለውጦ ሊያድነው ይችላል። ነገር ግን አስቀድሞ የዘንጉ ርዝመት ከፉርጎው መያዣ ጋር መስማማቱን መመልከት ያስፈልጋል። ደግሞም ኤሌክትሪኩ በሁለቱ ሐዲዶች የሚመጣ በሆነ ጊዜ፥ በአንድ ዘንግ ላይ ካሉት ሁለት መንኰራኵሮች ቢያንስ አንደኛው ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ነገር ከዘንጉ ተለይቶ የተሠራ መሆን አለበት፤ ያለዚያ ዘንጉ ሁለቱን ሐዲዶች ያገናኝና የኤሌክትሪክ ሠራተኞች «ኮንታክት» የሚሉትን ነገር ፈጥሮ ባቡሩን ያቆመዋል።

ወደ መደብር ስትሄዱ ፉርጎውን ገልብጣችሁ መንኰራኵሩን በጣታችሁ አሽከርክሩት፤ ሳይወላገድ ረዘም ላለ ጊዜ ቢዞር መልካም ነው። ከዚያም በጠፍጣፋ መስተዋት ላይ አቁሙት። መንኰራኵሮቹ በሙሉ መስተዋቱን መንካት ይገባቸዋል፤ አንዱ ተንጠልጥሎ ከቀረ ያ ፉርጎ ሐዲዱ ትንሽ ባዘነበለበት ስፍራ ሁሉ ይወጣል። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቍር ግድ የላችሁም።

ሽማግሌው ቀጥለው የጠየቁት ጥያቄ ግን እኛን ያላሰብነው ነበረ፤ «ይኼ የየትኛው አገር ሐዲድ ፉርጎ ነው?» አሉ። ጥያቄው የዋህ ቢመስልም የነገሩ ሥር ነው። በኑረምበርግ ከተማ የነበረው የሌማን ፋብሪካ በ1968 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) «ኤል ጌ ቤ» የተባለውን ትልቁን አምሳያ ባቡር ባወጣ ጊዜ፥ የሐዲዱን ስፋት 45 ሚሊ ሜትር፥ የማሳነሻውንም ልክ አንድ ለ22.5 አደረገው። 45ን በ22.5 ብታባዙት 1012 ሚሊ ሜትር ከግማሽ፥ ማለት አንድ ሜትር ያህል ይሆናል። ከጅቡቲ በ1897 ሥራው ተጀምሮ በ1902 ድሬ ዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ የገባው የአሮጌው ምድር ባቡራችን ሐዲድም ስፋቱ አንድ ሜትር ነበረ። ስለዚህ የጀርመኑ አምሳያ፥ ምንም እንኳ ስለ እኛ ታስቦ ባይሠራም፥ የአያትየውን የድሬ ዳዋ ሐዲድ በትክክለኛ ልኩ ያሳያል። ይህን ስንነግራቸው በሜትር ለክተው ካላረጋገጡ አላመኑንም።

ችግሩ ሌሎች ፋብሪካዎችም በዚሁ በ45 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ የሚሄዱ፥ ነገር ግን ልካቸው የተለያየ ፉርጎዎችን መሥራታቸው ነው። አንድ ለ20.3 የሆነው በአሜሪካ በኮሎራዶ ተራሮች ላይ ይሄድ እንደ ነበረው ያለውን የሦስት ጫማ ሐዲድ ይወክላል። አንድ ለ32 የሆነው ደግሞ 1435 ሚሊ ሜትር ስፋት ላለው መደበኛ ሐዲድ ነው፤ አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ ባቡር የሚሄድበትም ይኸው ስፋት ነው። አንድ ለ29 የሚሆንም አለ፤ እርሱ ለዓይን ጐላ እንዲል ተብሎ የተሠራ ስለ ሆነ ከሐዲዱ ስፋት ጋር በትክክል አይገጥምም። እነዚህ ሁሉ በአንድ ሐዲድ ላይ ያለ ችግር ይሄዳሉ፤ ጎን ለጎን ሲያያዙ ግን የአንዱ በር ለሰው፥ የሌላው ለድመት የተሠራ ይመስላል። የእኛ ስድስት ፉርጎዎች የሦስት ልክ ድብልቅ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ አንዱን ልክ መርጣችሁ በእርሱ ጽኑ፤ በሣጥኑ ላይ የተጻፈውንም ቍጥር ሳታነብቡ አትክፈሉ።

ስለ ማያያዣው ብዙ አንልም። የኤውሮጳው በመንጠቆና በቀለበት፥ የአሜሪካው እንደ ታጠፈ ጣት ሆኖ ስለሚያያዝ ሁለቱ አይስማሙም፤ ከፍታቸውም እኩል ካልሆነ በመንገድ ላይ ይለቃሉ። ስለ ጥምዙ ግን ይታሰብበት። ከሎኮሞቲቩ ጋር ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ጠባቡ ጥምዝ ከመካከሉ እስከ ሐዲዱ 60 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ባለ አራት መንኰራኵር አጭር ፉርጎ በዚህ ላይ በደስታ ይዞራል፤ ባለ ስምንቱ ረዥም ፉርጎ ግን ቢዞር እንኳ ወገቡ ወደ ውስጥ ገብቶ፥ ጫፉም ወደ ውጭ ወጥቶ መልኩ ይከፋል። ስፍራ የጠበበበት ቤት አጭሩን ይግዛ።

ክብደትም አለ። በሁለት ከባድ ፉርጎዎች መካከል የገባ ቀላል ፉርጎ በጥምዝ ላይ ወደ ውስጥ ተስቦ ይገለበጣል። በ1935 የተቋቋመው የአሜሪካ የአምሳያ ባቡር ማኅበር፥ አንድ ለ48 ለሆነውና «ኦ» ለሚባለው ልክ ያወጣው ደንብ መጀመሪያ 5 አውንስ፥ ከዚያም ለእያንዳንዱ ኢንች ርዝመት 1 አውንስ ይጨመር ይላል፤ በዚህም መሠረት የ10 ኢንች ፉርጎ 15 አውንስ፥ ማለት 425 ግራም ያህል ይመዝናል። በሌላው ልክ ደንቡ እንደዚሁ ባይሆንም፥ ፉርጎዎቹ በክብደት የተቀራረቡ ይሁኑ፤ የሚበልጠውም ወደ ሎኮሞቲቩ ይቅረብ።

ያገለገለ ፉርጎ መግዛት ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ገንዘብ ለሚቈጥብ ቤት ይህን እንመርጣለን። የሌማን ፋብሪካ በ2006 ከስሮ በ2007 ሜርክሊን የተባለው ፋብሪካ ሥራውን ቢወስደውም፥ የቀድሞዎቹ ፉርጎዎች እስከ ዛሬ ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣሉ። ማያያዣው ያልተሰበረውን፥ በፀሐይ ያልነጣውንና ያልተጣመመውን ምረጡ።

እኛ በመጨረሻ ከስድስቱ አራቱን ሸጥን፤ ለሁለቱ የብረት መንኰራኵር ገዛንላቸው፤ በቀረውም ገንዘብ አንድ ያገለገለ ዝግ ፉርጎ ጨመርን። ዝግ ይሁን ያሉት አያትየው ናቸው፤ ከሐረር ምድር የመጣ ቡና በዝግ ፉርጎ ሲጫን ስለሚያስታውሱ ነው። ፉርጎው ጥቂት ቀለል ብሎ ቢገኝ ልጁን ወደ ማድ ቤት ልከው አንድ እፍኝ ጥሬ ቡና አስመጡና በጣራው በኩል ጨመሩበት። ያ ፉርጎ እስከ አሁን ከሎኮሞቲቩ ቀጥሎ ይሄዳል።

በሚመጣው ወር ስለ ሐዲዱ አነጣጠፍ እንጽፋለን።